ተሰጥዖ የት ድረስ ያደርሳል?

ተማሪዎች ሆይ! አንድ የክፍል ጓደኛችሁ ሥዕል አሳምሮ ሲሥል፣ ወይም የሒሳብ ጥያቄ ከሁሉ ቀድሞ ሲመልስ፣ ወይም በበዓል ቀን መድረክ ላይ ወጥቶ ተመልካቹን በዜማው ሲማርክ፣ «እሱንማ ተፈጥሮ አድልታዋለች» ማለት የተለመደ ነው። በአንጻሩ ደግሞ አንድ ነገር ሞክሮ ያልተሳካለት ተማሪ «እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም» ብሎ እርሳሱን ያስቀምጣል። ሁለቱም አባባሎች ላይ ላዩን ሲሰሙ ጉዳት ያለባቸው አይመስሉም። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ተሰጥዖ ያለውን ሰው ያዘናጋል፤ ሁለተኛው ደግሞ ተሰጥዖ የለኝም የሚለውን ሰው ገና ሳይጀምር ተስፋ ያስቆርጣል።

የዚህ ጽሑፍ አቋም የሚከተለው ነው። ተሰጥዖ መኖሩ አይካድም፤ ጥቅሙም ቀላል አይደለም። ነገር ግን ተሰጥዖ ሰውን ከሙያ ደጃፍ ያደርሰዋል እንጂ በሙያው ውስጥ ጸንቶ እንዲኖር አያደርገውም። በሙያ ጸንቶ ለመኖር የሚያስችለው፣ ሰው የሚሠራውን ሥራ እንዴት እንደሚሠራው ማወቁ ነው። ይህ ዕውቀት ደግሞ ከማንም ጋር አብሮ አይወለድም፤ በትምህርትና በልምምድ ይገኛል።

ለዚህ አስረጂ እንዲሆነን የአንድ ዕውቅ ቫዮሊን ተጫዋች ሕይወት እንመልከት። ሙዚቃን የመረጥንበት ምክንያት አለን። ከሙያዎች ሁሉ እንደ ሙዚቃ የተሰጥዖ ስም የሚነሣበት የለም። ስለዚህ ተሰጥዖ ብቻውን የሚበቃ ቢሆን ኖሮ፣ በዚህ ሙያ በበቃ ነበር። አንድን አሳብ ለመፈተን ከፈለግን የምንፈትነው ይበልጥ ጠንካራ በሚመስልበት ቦታ ላይ መሆን ይገባዋል። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ መሆናቸውን ልብ በሉ።

በቅድሚያ ስለ መሣሪያው ጥቂት እንበል። ማሲንቆን ያየ ሰው የቫዮሊንን አሠራር ለመረዳት አይቸገርም። ሁለቱም ድምፅ የሚሰጡት የፈረስ ጭራ የተወጠረበት ደጋን በአውታር ላይ ሲሳብ ነው። ልዩነታቸው ማሲንቆ አንድ አውታር ብቻ ሲኖረው ቫዮሊን አራት ያለው መሆኑ፣ እንዲሁም ቫዮሊን በግራ ትከሻና በአገጭ መካከል ተይዞ የሚጫወቱት መሆኑ ነው። በጊታር አንገት ላይ ጣት የት ማረፍ እንዳለበት የሚያመለክቱ የብረት ምልክቶች ተደርድረዋል። በቫዮሊን አንገት ላይ ግን አንድም ምልክት የለም። ጣት ከቦታው በጥቂቱ እንኳ ዝንፍ ካለ ድምፁ ይበላሻል፤ መበላሸቱንም ሊነግር የሚችለው የተጫዋቹ ጆሮ ብቻ ነው። ግራ እጅ ይህን ሲያደርግ ቀኝ እጅ ደግሞ የደጋኑን ፍጥነት፣ ክብደትና አውታሩን የሚነካበትን ቦታ በየቅጽበቱ ይወስናል። ሁለቱ እጆች ፈጽሞ የተለያየ ሥራ እየሠሩ አንድ ዜማ ማውጣት አለባቸው።

የኮንሰርት ቫዮሊን ተጫዋች የሚባለው ይህን መሣሪያ ይዞ በትልቅ ኦርኬስትራ ፊት ብቻውን የሚቆም ሙዚቀኛ ነው። ለምሳሌ ቤትሆቨን በ1806 የደረሰው የቫዮሊን ኮንቸርቶ ከአርባ ደቂቃ በላይ ይወስዳል። ተጫዋቹ ይህን ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ ወረቀት ሳያይ፣ በቃሉ ይጫወታል። አንድ ጸሐፊ የጻፈውን ቃል ሰርዞ ሌላ ሊተካ ይችላል፤ ቫዮሊን ተጫዋች ግን በአዳራሽ ውስጥ ያሰማውን ድምፅ መልሶ ሊሰርዘው አይችልም።

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ። የሁዲ ሜኑሂን በ1916 በኒውዮርክ ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ በሩሲያ ግዛት ተወልደው ወደ አሜሪካ የተሰደዱ አይሁድ ነበሩ። ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ቤተሰቡ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ተዛወረ። እናትና አባቱ ሙዚቃ ወዳድ ስለነበሩ ልጁን ይዘውት ወደ ኮንሰርት ይሄዱ ነበር። በዚያም ልጁ የኦርኬስትራውን ቀዳሚ ቫዮሊን ተጫዋች፣ ሉዊስ ፐርሲንገርን፣ ዓይኑን ሳይነቅል ይመለከተው ጀመር። አራት ዓመት ሊሞላው ሲቃረብም ቫዮሊን እንዲገዙለትና ፐርሲንገር እንዲያስተምረው ወላጆቹን ጠየቀ።

አንድ የቤተሰቡ ወዳጅ ከቆርቆሮ የተሠራ የመጫወቻ ቫዮሊን አመጣለት። ሕፃኑ ደጋኑን ሳበ። የወጣው ድምፅ በኮንሰርት ከሰማው ጋር የማይገናኝ ሆኖ ሲያገኘው አሻንጉሊቱን መሬት ላይ ጥሎ አለቀሰ። ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር እንረዳለን። ልጁ በዚያ ዕድሜው በጥሩና በመጥፎ ድምፅ መካከል ያለውን ልዩነት ለይቶ ያውቅ ነበር። ይህን ማንም አላስተማረውም። ተሰጥዖ የምንለው ይህን ነው፤ እኛም እንዲህ ያለው ነገር መኖሩን አንክድም።

ከዚያ በኋላ የሆነው በፍጥነት የሆነ ነው። በ1924፣ በሰባት ዓመቱ፣ በሕዝብ ፊት ቀርቦ ተጫወተ። በ1927 በኒውዮርክ በካርኔጊ አዳራሽ የቤትሆቨንን ኮንቸርቶ ለመጫወት ሲመጣ አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር። የኦርኬስትራው መሪ ፍሪትዝ ቡሽ መጀመሪያ ላይ ይህን ያህል ከባድ ሥራ ለሕፃን መስጠት አይገባም ብሎ ተቃውሞ ነበር፤ ሲጫወት ከሰማው በኋላ ግን አሳቡን ለወጠ። በዚያ ምሽት ልጁ ቫዮሊኑን ለመቃኘት እጁ ስላልጠነከረ፣ መሣሪያውን ለኦርኬስትራው ቀዳሚ ቫዮሊን ተጫዋች እየሰጠ ያስቃኝ ነበር። በ1929 ደግሞ፣ አሥራ ሦስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ በበርሊን የባኽን፣ የቤትሆቨንንና የብራምስን ኮንቸርቶዎች በአንድ ምሽት ተጫወተ። አንድ ባለ ሀብትም አንቶኒዮ ስትራዲቫሪ የተባለው ኢጣሊያዊ የእጅ ባለሙያ በ1733 የሠራውን ቫዮሊን ገዝቶ ሰጠው። በ1932፣ በአሥራ ስድስት ዓመቱ፣ የሰባ አምስት ዓመቱን እንግሊዛዊ የሙዚቃ ደራሲ የኤድዋርድ ኤልጋርን ኮንቸርቶ ደራሲው ራሱ ኦርኬስትራውን እየመራለት በሸክላ አስቀረጸ።

ተሰጥዖ ብቻውን ይበቃል የሚሉ ሰዎች ታሪኩን እዚህ ላይ ማቆም ይወዳሉ። እኛ ግን ጥቂት ወደ ኋላ እንመለስና በዚያ ሁሉ ጭብጨባ መካከል የተሰማ አንድ ምክር እናዳምጥ።

ልጁ አሥር ዓመት ገደማ ሳለ፣ ኡዤን ኢዛይ የተባለውን የቤልጅግ ታላቅ ቫዮሊን ተጫዋች ለማየት ከቤተሰቡ ጋር ወደ ብራስልስ ሄዶ ነበር። ኢዛይ የፐርሲንገር መምህር የነበረ ሰው ነው። ልጁ አንድ ከባድ የሙዚቃ ድርሰት በግሩም ሁኔታ ተጫወተለት። ሽማግሌው ካዳመጠ በኋላ ሌላ ነገር ጠየቀው። አንድን መሠረታዊ የድምፅ ቅንብር፣ ሙዚቀኞች አርፔጂዮ የሚሉትን፣ ከታችኛው ድምፅ ተነሥቶ በአራት እርከን እስከ ላይኛው ድረስ እንዲወጣ አዘዘው። አርፔጂዮ የቫዮሊን ተማሪዎች ከሚለማመዷቸው መሠረታዊ ነገሮች አንዱ ነው። ከባዱን ድርሰት ያለ ችግር የተጫወተው ልጅ ግን እዚህ ላይ ጣቱ የት እንደሚሄድ ጠፋበት። ኢዛይም እነዚህን መሠረታዊ ልምምዶች ቢሠራ እንደሚበጀው መከረው። ልጁ ከኢዛይ ጋር አልቆየም፤ ልቡ የወደደው ሌላ መምህር፣ ሮማንያዊው ጆርጅ ኤኔስኩ፣ ስለነበረ ወደ ፓሪስ ሄደ። ሜኑሂን ይህን ታሪክ በ1977 በታተመው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ ራሱ ጽፎታል።

ለመሆኑ ከባዱን የሚችል ሰው ቀላሉን እንዴት ያቅተዋል? ይህ እንቆቅልሽ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ተማሪዎች ሆይ፣ መልሱ ከእናንተ የራቀ አይደለም፤ በየቀኑ የምትናገሩት ቋንቋ ራሱ ይመልሰዋል።

በመምህርነት በቆየሁባቸው ዓመታት ከሁሉ አብልጦ የቀረበልኝ ጥያቄ «አማርኛን አፋችንን የፈታንበት ሆኖ ሳለ ሰዋስው ለምን እንማራለን?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። አፉን በአማርኛ የፈታ የአምስት ዓመት ልጅ «እኔ መጣሁ»፣ «እሷ መጣች»፣ «እነሱ መጡ» እያለ ግሡን ከባለቤቱ ጋር ሳይሳሳት ያስማማል። ስለ ባለቤትና ስለ ግሥ ግን የሚያውቀው ነገር የለም። ንግግሩ አጭርና ቀላል እስከሆነ ድረስ አያስፈልገውም። ይኸው ልጅ አድጎ ድርሰት ሲጽፍ ግን እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር ከብዕሩ ይወጣል፦ «ከልጃገረዶቹ መካከል በውድድሩ ያሸነፈችው ከጓደኞቿ ጋር ወደ ቤቷ ተመለሱ።» ባለቤቱ «ያሸነፈችው» ስለሆነች ግሡ «ተመለሰች» መሆን ነበረበት። ጸሐፊው ስሕተት መኖሩን ጆሮው ሹክ ሊለው ይችላል፤ የት እንዳለ ግን ሊያገኘው አይችልም። ምክንያቱም ትክክል ሲናገር በነበረባቸው ዓመታት ሁሉ ትክክል የሆነበትን ምክንያት አያውቀውም ነበር።

ሜኑሂንም ቫዮሊንን እንደ አፍ መፍቻ ቋንቋ የተናገረ ሰው ነበር። አንድን ዜማ በጆሮው ሲሰማ እጆቹ ይከተሉት ነበር። እጆቹ ምን እንደሚያደርጉ መጠየቅ አላስፈለገውም። በልጅነት አካል ተጣጣፊ ነው፤ ልብም ፍርሃት አያውቅም። ዕድሜ ሲጨምር ግን አካል ይለወጣል፤ ድካምም ኀዘንም ይመጣል። ያን ጊዜ ሳያስቡ የሚሠሩት ሥራ ይናጋል።

ለእርሱም የሆነው እንደዚሁ ነው። በ1935 ዓለምን እየዞረ ኮንሰርት ካቀረበ በኋላ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ከመድረክ ርቆ ዐረፈ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ለተባባሪዎቹ ኃይላት ወታደሮች ከ500 በላይ ኮንሰርቶችን አቀረበ፤ ከአንዱ ጦር ሠፈር ወደ ሌላው እየበረረ፣ በቂ እንቅልፍና የልምምድ ጊዜ ሳያገኝ ተጫወተ። በሐምሌ 1945 ከእንግሊዛዊው የሙዚቃ ደራሲ ከቤንጃሚን ብሪተን ጋር ወደ ጀርመን ሄዶ፣ በበርገን-ቤልሰን የናዚዎች እስር ሠፈር ከሞት ለተረፉት ሰዎች ተጫወተ። በእነዚህ ዓመታት ግን ቀኝ እጁ እንደ ቀድሞው አልታዘዝለት እያለ መጣ። ደጋኑ ይንቀጠቀጥ፣ ድምፁም አንዳንድ ጊዜ ይናጋ ነበር። ሠላሳ ዓመት ገደማ የሆነው፣ በዓለም ዙሪያ ስሙ የታወቀው ሰው፣ ሥራው ሲበላሽበት ለማረም የሚያስችል ዕውቀት በእጁ እንደሌለ ተገነዘበ። በልጅነቱ የተቀበለው ምክር ከሃያ ዓመት በኋላ ተመልሶ በሩን አንኳኳ።

በዚህ ጊዜ ሁለት መንገዶች ነበሩት። አንደኛው በስሙ ብቻ እየተጠቀመ መቀጠል ነው። ስም ለተወሰነ ጊዜ ያኖራል፤ አዳራሹም በአንድ ቀን ባዶ አይሆንም። ሁለተኛው ጀማሪ መሆን ነው። ሜኑሂን የመረጠው ሁለተኛውን ነው። ደጋን እንዴት እንደሚያዝ፣ ጣት እንዴት እንደሚያርፍ፣ ትከሻ፣ ክንድና አንጓ እንዴት እንደሚተባበሩ፣ ሰውም እንዴት እንደሚቆምና እንደሚተነፍስ አንድ በአንድ መመርመር ጀመረ። በ1952 ወደ ሕንድ በሄደ ጊዜ ቢ. ኬ. ኤስ. አየንጋር ከተባለው የዮጋ መምህር ጋር ተገናኘ፤ ከእርሱም ሰውነትን ከውጥረት ማላቀቅን ተማረ። በኮንሰርት አዳራሾች ሲጨበጨብለት የኖረ ሰው ተማሪ ሆኖ በመምህር ፊት መቆሙን አላፈረበትም።

እዚህ ላይ እውነቱን ሳንሸሽግ መናገር ይገባናል። ይህ ሁሉ ጥረት የቀድሞውን ሙሉ በሙሉ አልመለሰለትም። ብዙ የሙዚቃ ዐዋቂዎች ሜኑሂን በልጅነቱና በወጣትነቱ ያስቀረጻቸውን ሸክላዎች ከኋለኞቹ ያስበልጣሉ። እንግዲህ አንድ ተከራካሪ ተነሥቶ «ታዲያ ዕውቀቱ ምን ጠቀመው? በተሰጥዖው ብቻ ሲጫወት የተሻለ አልነበረምን?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል።

ለዚህ ጥያቄ ሁለት መልስ አለን። አንደኛ፣ ምርጫው በልጅነቱ ተሰጥዖና በጎልማሳነቱ ዕውቀት መካከል አልነበረም። የልጅነቱ ዘመን በማንኛውም መንገድ አልፏል፤ ሊመለስ አይችልም። ምርጫው በዕውቀትና በዝምታ መካከል ነበር። ሜኑሂን ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ለመጫወት የቻለው እንደገና ስለተማረ ነው። ምናልባትም መሠረታዊውን ትምህርት በጊዜው ቢያገኝ ኖሮ የደረሰበት ችግር በቀለለለት ነበር ብሎ ማሰብ ከእውነት አያርቅም።

ሁለተኛው መልስ ከመጀመሪያው ይበልጣል። ሳያውቁ የሚችሉትን ነገር ለሌላ ሰው ማስተላለፍ አይቻልም። የአሥር ዓመቱን ሜኑሂን «ይህን እንዴት አደረግኸው?» ብሎ የጠየቀው ሰው ቢኖር፣ ልጁ እንደገና ተጫውቶ ከማሳየት በቀር መልስ አልነበረውም። ጎልማሳው ሜኑሂን ግን መልስ ነበረው። በ1963 በእንግሊዝ አገር ለሙዚቃ ዝንባሌ ላላቸው ልጆች በስሙ የሚጠራ ትምህርት ቤት አቋቋመ። በ1971 ደግሞ ስለ ቫዮሊን አጨዋወት በስድስት ትምህርቶች የተከፈለ መጽሐፍ አሳተመ። በ1999 በበርሊን ሲሞትም የተቀበረው በዚያው ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ነው። ተሰጥዖው ከእርሱ ጋር አልፏል፤ የተማረውና ያስተማረው ግን በሌሎች እጆች ቀርቷል።

እስካሁን ያልነው አንድን ሰው ብቻ የሚመለከት ነው እንዳይባል፣ ወደ ሌላ ዓይነት ማስረጃ እንሻገር። በ1993 አንደርስ ኤሪክሰን የተባለ የሥነ ልቡና ሊቅና ሁለት ባልደረቦቹ በበርሊን የሙዚቃ ትምህርት በሚከታተሉ ቫዮሊን ተጫዋቾች ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። ተማሪዎቹን በሦስት ምድብ ከፍለው፣ እስከ አሥራ ስምንት ዓመታቸው ድረስ ብቻቸውን የተለማመዱበትን ሰዓት አስገመቷቸው። እጅግ የላቁት በአማካይ 7,410 ሰዓት፣ ጥሩ የሚባሉት 5,301 ሰዓት፣ የሙዚቃ መምህራን ለመሆን የሚማሩት ደግሞ 3,420 ሰዓት ተለማምደው ተገኙ። ይህን ጥናት መሠረት አድርገው ብዙ ሰዎች «አሥር ሺህ ሰዓት የተለማመደ ሁሉ ሊቅ ይሆናል» እስከ ማለት ደረሱ።

ይህም አባባል እንደ ፊተኛው ማሳሳቱ አልቀረም። በ2019 ሌሎች ተመራማሪዎች ጥናቱን በአሜሪካ ደግመው ባካሄዱት ጊዜ፣ ዝቅተኛው ምድብ በእርግጥ ከሌሎቹ ያነሰ ተለማምዶ ተገኘ፤ በላቁትና በጥሩዎቹ መካከል ግን በልምምድ ሰዓት ብዛት ልዩነት አላገኙም። ስለዚህ ሰዓት መቍጠር ብቻውን ሙያ አያስገኝም። አንድ ሰው ስሕተቱን ለሺህ ሰዓት ቢደጋግም፣ በመጨረሻ የሚያገኘው የጸና ስሕተት ነው። ኤሪክሰን ራሱ ያሰመረበት ነገር የሰዓቱን ብዛት ሳይሆን የልምምዱን ዓይነት ነበር፤ ይኸውም ደካማ ጎንን ለይቶ፣ ዐላማ አስቀምጦ፣ በመምህር እየታረሙ የሚደረግ ልምምድ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ምሳሌያችን እውነት ነው፤ ነገር ግን እንቁላሉ ቀን ስለ ቈጠረ ብቻ አይፈለፈልም፤ የሚታቀፈው ይሻል።

አንድ የመጨረሻ ተቃውሞ እንመልስ። «ከብዙ ሺህ ቫዮሊን ተማሪዎች መካከል እንደ ሜኑሂን ብቻውን በመድረክ ፊት የሚቆመው ጥቂት ነው፤ የቀረው ድካም ሁሉ ከንቱ አይደለምን?» የሚል ይኖራል። ጥቂት መሆናቸው እውነት ነው። ከንቱ ነው የሚለው ግን ስሕተት ነው። በአንድ ትልቅ ኦርኬስትራ ውስጥ በአንድነት የሚጫወቱት ቫዮሊኖች ብቻ ሠላሳ ያህል ይሆናሉ። ያለ እነርሱ ብቸኛው ተጫዋች የሚቆምበት መሬት የለውም። ሌሎች በየትምህርት ቤቱ ያስተምራሉ፤ ሜኑሂንንም ለሜኑሂንነት ያበቁት መምህራን ናቸው። ራሱ ሜኑሂንም በ1977 ወጣት ሙዚቀኞች በሆስፒታል፣ በእስር ቤትና በአረጋውያን መጦሪያ ለሚገኙ ሰዎች የሚጫወቱበትን ድርጅት በእንግሊዝ አገር ሲያቋቁም፣ የሙያ ዋጋ በአዳራሽ ስፋት እንደማይለካ መመስከሩ ነበር። በቤልሰን ያዳመጡት ሰዎች የገዙት የመግቢያ ትኬት አልነበረም።

እንግዲህ ተማሪዎች ሆይ፣ ከዚህ ሁሉ ለራሳችን የምንወስደውን እንመልከት። ከእናንተ መካከል ተሰጥዖ ያለው ሊኖር ይችላል። ምልክቱም ሌላው የሚደክምበት ነገር ለእርሱ መቅለሉ ነው። እንዲህ ያለው ተማሪ ደስ ይበለው፤ ነገር ግን የቀለለለትን ነገር እንዴት እንደሚሠራው ዛሬውኑ ይመርምር። አንድን ድርሰት አሳምሮ ከጻፈ በኋላ ደብተሩን ዘግቶ አይነሣ፤ ያማረው በምን እንደሆነ ይጠይቅ። አንድን የሒሳብ ጥያቄ በልቡ ከመለሰ በኋላ ደረጃ በደረጃ ይጻፈው። መምህሩ «መሠረቱን ተለማመድ» ሲለው እንደተናቀ አይቍጠር፤ ያ ምክር በሚያስፈልገው ቀን በአጠገቡ ላይገኝ ይችላልና።

ተሰጥዖ የለኝም የሚለውም ተማሪ ይህን ልብ ይበል። ለሌላው በልደት የቀለለውን አንተ ወይም አንቺ በዝግታ እየተማራችሁ ከሆነ፣ የምትማሩት ነገር ባለ ተሰጥዖው አንድ ቀን ተመልሶ ሊማረው የሚገባውን ነው። እናንተ ከፊት ጀምራችሁታል። ሁላችሁም ሜኑሂን ትሆናላችሁ ብሎ ተስፋ መስጠት ሐሰት ይሆናል። ነገር ግን በትክክል የተማረ ሰው ስሕተቱን ያገኘዋል፤ ስሕተቱንም ያገኘ ያርመዋል፤ ያረመውንም ለሌላው ያስተምረዋል። በአንድ ሙያ ለመኖር የሚያስፈልገው ይህ ነው።

በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ያሉት የሰዋስው ትምህርቶችም የተዘጋጁት ለዚሁ ነው። አማርኛን እንድትናገሩ ለማድረግ አይደለም፤ መናገርማ ትናገራላችሁ። አንድ ቀን ደብዳቤ፣ ማመልከቻ፣ ዘገባ ወይም መጽሐፍ ለመጻፍ ብዕር ስታነሡና ዐረፍተ ነገሩ አልታዘዝ ሲላችሁ፣ የተሰበረው የት እንደሆነ ታውቁ ዘንድ ነው። እንግዲህ ቀጣዩን መልመጃ ስትሠሩ «ይህንንማ አውቀዋለሁ» ብላችሁ አትዝለሉት። የምታውቁት ከሆነ፣ ለምን ትክክል እንደሆነ ለጎረቤታችሁ አስረዱት። ማስረዳት ካቃታችሁ ገና አላወቃችሁትም ማለት ነው።

መልመጃ

1. የጸሐፊው ዋና አቋም ምንድን ነው? አቋሙ የተገለጸበትን አንቀጽ ለይታችሁ በራሳችሁ አነጋገር ጻፉት።
2. ጸሐፊው ቫዮሊን መጫወትንና አማርኛ መናገርን ያነጻጸረው ለምንድን ነው? ንጽጽሩ የማይሠራበት ነጥብ ካለ ግለጹ።
3. በጽሑፉ ውስጥ የተነሡትን ተቃውሞዎች ዘርዝሩ። ከተሰጡት መልሶች መካከል ያላሳመናችሁ ካለ ምክንያታችሁን ስጡ።
4. «ዝንፍ አለ»፣ «ተናጋ»፣ «አስረጂ»፣ «ዝንባሌ» የሚሉትን ቃላት በራሳችሁ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አስገቡ።
5. «የሙያ መሠረቱ ተሰጥዖ ነው» ወይም «የሙያ መሠረቱ ትምህርት ነው» ከሚሉት አሳቦች አንዱን መርጣችሁ፣ በአካባቢያችሁ የምታውቁትን ሙያ በማስረጃነት እያቀረባችሁ፣ አራት አንቀጽ ያለው ድርሰት ጻፉ።